ከደረጃው ላይ የቆረጥኩት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ ከመካከሉ ነበር የምጀምረው። መብራት ጠፋ፣ ሊፍቱ ቆመ፣ አስቴርን ደም ፈሰሳት እላለሁ። የሚሰማኝም ሰው «ውይ! ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ነገር!» ብሎ ያዝንልኛል። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ። እስከ ዛሬ የዘለልኩት መጀመሪያው ከማሳዘን ይልቅ የሚያሳፍር ስለሆነ ነው።

ያኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ በአንድ የዲዛይን ቢሮ የሕንፃ ንድፍ እሠራ ነበር። ፎቅ እወዳለሁ። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ በስልኬ ሳይ ቆሜ እቀራለሁ። ሰው «በዚህ በሲቀላ ሙቀት መስታወት? በቁማችን ልትቀቅሉን ነው እንዴ?» ሲለኝ በሆዴ «ገጠሬ» እለው ነበር። ዋናው ገጠሬ ደግሞ እኔው ነበርኩ። የዶርዜ ልጅ ነኝ፤ አባቴም ቤት ሠሪ ነበር።

የዶርዜን ቤት ላላያችሁ፣ ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የሚጠለፍ፣ የፎቅ ያህል ቁመት ያለው ቤት ነው። ከፊቱ አፍንጫ የመሰለ መግቢያ ወጣ ይልለታል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ከታች ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል፤ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያጥራል። ቦታ መለወጥ ካስፈለገ ደግሞ አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ይጣራል። የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ቤቱም ከነቁመናው ተነስቶ በሰው ትከሻ ይሄዳል። አባቴ እንዲህ ያለ ቤት ስንቱን ጠልፏል፣ ስንቱንም አስነስቷል። እኔ ግን ቢሮ ውስጥ «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ስባል «አናጢ ናቸው» ነበር የምለው።

አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ነደፍን። ሥራው መሬት ላይ ከተጀመረ በኋላ ባለ ሕንፃው ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ማርቆስ፣ ምድር ላይ ያሉት ሱቆች ጠበቡብኝ። ከየትም ብለህ ትንሽ ፈልግልኝ» አለ።

ንድፉን ዘርግቼ አየሁት። የሚወሰድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር።

«ከደረጃው እንወስዳለን» አልኩት።

«ችግር የለውም?»

«ሊፍት እያለ ማን ደረጃ ይወጣል ብለህ ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ! ከደረጃው ስፋት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩ። ደረጃው ዞሮ ወደ ቀጣዩ ከሚሻገርበት ከማረፊያውም ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩ። የጸደቀው ንድፍ ከነስፋቱ ፋይል ውስጥ ቀረ፤ የተቆረጠው ወረቀት ለሠራተኞቹ ሄደ። ማንም አላስገደደኝም። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ፣ መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሱቆቹ ስላማሩለት ሌሎች ባለንብረቶችም ያንኑ ደረጃ ወደዱት፤ ለእነሱም እንዲሁ ቆረጥኩላቸው።

ሕንፃው ሲያልቅ ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር ስድስተኛው ፎቅ ላይ ተከራየን። አስቴር ከከተማው ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ተወልዳ ያደገች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከሳሎናችን አባያ ቀይ ውሃውን ዘርግቶ ይታያል፤ ቀኝ በኩል ደግሞ አባያን ከጫሞ የሚለየው ኮረብታ፣ የእግዜር ድልድይ። ችግሩ ፀሐይ ከወጣች በኋላ መጋረጃ ሳይዘጋ መቀመጥ አይቻልም። መስታወቱ አይከፈትም፤ የሚከፈተው ከኩሽናው በላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ብቻ ናት።

«ሐይቅ ለማየት ስድስት ፎቅ ወጥተን መጋረጃ ዘግተን የምንቀመጥ እኛ ብቻ ነን» ትለኝ ነበር አስቴር። አመሌን ስለምታውቅ ትስቅብኛለች እንጂ አታማርርም።

የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯ ሲገባ አባቴ ከዶርዜ ወረደ። አጎቴ የሠራውን ወፍራም ቡልኮ ለአራሷ ብሎ ተሸክሞ መጣ። ሊፍቱን አላመነውም፤ በእግሩ ወጣ። እኔ በሊፍት ቀድሜው ደርሼ ስጠብቀው፣ ማረፊያው ላይ ቆሞ ሁለት ክርኖቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ግድግዳውን ሲነካ አየሁት።

«ደረጃው ጠባብ ነው» አለኝ በጋሞኛ።

«ሊፍት አለ እኮ አባ።»

ቤት ገብቶ መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይሄ አይከፈትም? ታዲያ ቤቱ በምን ይተነፍሳል?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ «ሲያረጅስ ከየት በኩል ነው የሚቆረጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። የእውነቱን ነበር የጠየቀኝ። እኔ «ይሄ አያረጅም» ብዬ ሳቅኩበት።

አባቴ አማርኛ የተማረው ገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። አስቴርን «ልጄ፣ አንተ ብዙ ብላ፣ ሁለት ሰው ነህ» ሲላት እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። «አባባ፣ እንዲህ ሲሉኝ ጉልበት ይሰማኛል» ትለዋለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ በደስታ ሰነበትን።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ምሳ በልተን አባቴ ወንበሩ ላይ ሸለብ አድርጎታል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ሊፍቱም ቆሟል። ባለ ሕንፃው ጄኔሬተር አመጣለሁ እንዳለ ነው፤ አላመጣም። አስቴር ከመኝታ ቤት ጠራችኝ። አጠራሯ አላማረኝም።

ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ማርቆስ፣ ሆዴ ድንጋይ ሆነብኝ» አለችኝ። ልብሷ ላይ ደም ነበር። ዓይኔ እያየ ወደ ምንጣፉ ወረደ።

ስልክ ደወልኩ። አምቡላንሱ ሳይዘገይ መጣ፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሹፌሩና አንዲት ነርስ የብረት ቃሬዛ ይዘው እያለከለኩ ስድስት ፎቅ ወጡ። ነርሷ የአስቴርን ግፊት ለካች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«አሁኑኑ መውረድ አለባት። እንግዴ ልጁ ሳይለቅባት አልቀረም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል» አለችኝ ወደ ጎን ወስዳ።

«ተደግፋ ትውረድ?»

«እንዳትሞክሩት! ቀና ስትል ራሷን ትስታለች። ተኝታ ነው የምትወርደው።»

ቃሬዛው ላይ አስተኝተን አሠርናት። ሹፌሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ያዝን። የመጀመሪያውን ደረጃ በደህና ወረድን፤ ማረፊያው ላይ ስንደርስ የቃሬዛው ጫፍ ግድግዳውን መታ። ወደ ኋላ መለስነው፣ እንደገና ሞከርን፣ አሁንም መታ።

«ከፍ አድርገው» አለኝ ሹፌሩ። ከፍ አደረግኩት። በብረት መደገፊያው ላይ ልናሳልፈው ስንል ቃሬዛው ተንጋደደ፤ አስቴር ከነመታሰሪያው ወደ ታች ተንሸራተተች፣ ጮኸች። ደሙ በሸራው ላይ ወደ እኔ እጅ መጣ።

«ጌታዬ፣ ምን ዓይነት ደረጃ ነው ይሄ?» አለ ሹፌሩ። «ሠላሳ ሴንቲ ቢጨምሩት ምን ነበረበት?»

በአጋጣሚ ነው ሠላሳ ያለው። እኔ ግን ያን መስመር ያሰመርኩበትን እርሳስ፣ ያን ቀን የለበስኩትን ሸሚዝ ሁሉ አየሁት። ሳቃችንንም ሰማሁት።

ወደ ላይ መልሰን ወለሉ ላይ አስቀመጥናት። ወንበር ላይ አስቀምጠን እናውርዳት አልኩ፤ ገና ወገቧን ቀና ስናደርጋት ዓይኗ ነጭ ሆነ። በጀርባዬ ልዘላት አልኩ፤ ነርሷ ገፍታ መለሰችኝ። በክንዳችን ታቅፈን ለሁለት ልንይዛት ሞከርን፤ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን ደረጃው አይበቃም። ሁሉንም ሞከርን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደሙ አልቆመም።

ጎረቤት ልጥራ ብዬ ወረድኩ። አንድ ዓመት የኖርኩበት ሕንፃ ነው፤ በሮቹን እየደበደብኩ የማንንም ስም እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። «ጎረቤት! ጎረቤት!» እያልኩ እጮኻለሁ። አምስተኛው ፎቅ ማንም የለም። አራተኛውና ሦስተኛው ቢሮ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፏል። ሁለተኛው ላይ አንድ ሰውዬ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍቶ አየኝና «መብራት መጣ እንዴ?» አለኝ። ሚስቴ እየሞተች ነው አልኩት። ወገቡን እንደሚያመው ነገረኝ፤ ውሸቱን አይመስለኝም። መንገድ ወጥቼ ሁለት የባጃጅ ልጆች ለመንኩ። እሺ ብለው ተከተሉኝ፤ ግን ቃሬዛውን አራት ሆነን ብንይዘውም ማረፊያው ያው ማረፊያ ነው። አልዞረም።

ስመለስ አስቴር ከንፈሯ አመድ መስሏል። አባቴ አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ይዟል።

«አይዞህ ልጄ፣ አንተ አትፍራ» ይላታል።

ፈገግ ለማለት ስትሞክር አየኋት። እኔ ግድግዳውን በጡጫዬ እመታ ጀመር። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና በጋሞኛ «ተው። ከጀርባ ያሉት ሸማኔዎች የማን አገር ልጆች ናቸው?» አለኝ።

ከሕንፃው ጀርባ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ሸማ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። አገራቸውን ጠይቄ አላውቅም። አባቴ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ስማቸውን ሁሉ ያውቅ ነበር።

ተነስቶ ኩሽና ገባ፣ ወንበር ላይ ቆመ፣ በዚያች ትንሽ መስኮት አንገቱን አወጣ። «ድረሱልኝ» ብሎ ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ተጣራ። ልጅ ሆኜ ዶርዜ እሰማው የነበረውን፣ ቤት ሊነሳ ሲል የሚጠሩትን ረጅም ጥሪ ነበር የጠራው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ያበደ መሰለኝ። የባጃጅ ልጆቹም እርስ በርስ ተያዩ።

ብዙም አልቆየ፣ ደረጃው በእግር ኮቴ ተሞላ። እጃቸው ላይ ክር የተጠመጠመ፣ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን፣ ሸማኔዎቹ መጡ። በቅርብ ካለው የቅዳሜ ገበያም የሰሙ ተከትለዋቸዋል። ሃያ ይበልጣሉ። ፊት የደረሰው ጎልማሳ ላቡን እየጠረገ «አባ፣ ቤቱ የታለ?» አለ። የምሩን ነው። መሃል ከተማ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚነሳ የቀርከሃ ቤት ከየት ይመጣል ብሎ አንዳቸውም አልጠየቀም። ጥሪው ከተጠራ ይመጣል፤ በቃ።

አባቴ ወለሉ ላይ ያለችውን አሳያቸው። «ቤቱ ይቺ ናት። እንደ ቤት ነው የምትወርደው፤ ታች እስክትደርስ መሬት አትነካም» አላቸው።

ቡልኮውን ዘረጋው። አስቴርን አስተኛንበት። አራት ሰው ጫፍ ጫፉን ያዘ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ ተከታትለው። የቀሩትን አባቴ በየፎቁ በር ላይ አራት አራት አድርጎ አቆማቸው። ማረፊያው ላይ ሲደርሱ ብረቱ ቃሬዛ እምቢ ያለበትን ማዕዘን ቡልኮው እንደ ሰው ወገብ ታጥፎ፣ በመደገፊያው ላይ ከፍ ብሎ ዞረ። አምስተኛው ፎቅ ላይ የደከሙት ሳያወርዷት አዲሶቹ እጃቸውን ከሥር አስገብተው ተቀበሉ። አራተኛው ላይም እንዲሁ። የሚሰማው የአባቴ «ቀስ... አሁን... ቀስ...» ብቻ ነበር። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ የረገጡትን ደም እረግጣለሁ።

አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። ከመኝታ ቤቱ እስከዚያ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ከላይ ወደ ታች የወረደችበት ግን አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ መጀመሪያ «እናትየው ትተርፋለች» አለኝ። ከዚህ ቃል ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያወቅኩት «እናትየው» ሲል ነው። ሴት ልጅ ነበረች። ሙሉ ጣት፣ ሙሉ ፀጉር ነበራት። «ትንሽ ቀደም ብትሉ...» አለና የጀመረውን ሳይጨርስ ትከሻዬን ነክቶኝ ሄደ። የልጄን ፊት አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው እንዴት ይጽፋል? እኔ አልችልም፤ እዚህ ላይ እለፉኝ።

ግቢው ውስጥ አባቴ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ። ነገርኩት።

«ያንን ደረጃ ማን ነው የለካው?» አለኝ።

«ባለ ሕንፃው ነው፣ አባ» አልኩት።

አዎ፣ እንደዚያ አልኩት። የልጄ አስከሬን ገና ሳይቀበር።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ በር ስከፍት መጀመሪያ የማስበው ተኝቶ የሚወጣውን ነው» አለ። «በእግሩ የሚገባማ በየትም ይገባል። ያ ሰውዬ የሚያስተምረው አባት አልነበረውም መሰለኝ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። እውነቱን ልነግረው በየዓመት በዓሉ ዶርዜ እወጣለሁ፤ ሳልነግረው እመለሳለሁ። ባለፈው ዓመት ሞተ። ቤቱ ከታች ብዙ ጊዜ ተቆርጦ አጥሮ ነበር። በሩን ግን ለክቶ ነው የሠራው፤ አራት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ ማንም ጎንበስ አላለም፣ ማንም አልተገጫጨም። በዚያ በር አጠገብ ቆሜ ሳለቅስ ሰው ሁሉ ለአባቱ ነው የሚያለቅሰው አለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ፎቅ እንድትጠሉ አልመክራችሁም። ከተማችን ወደ ላይ ማደጉ አይቀርም፣ ሰው ደግሞ መጠለያ ይፈልጋል። ዛሬም ፎቅ እነድፋለሁ። ነገር ግን ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ መስታወቱንና ከመስኮቱ የሚታየውን ከማድነቃችሁ በፊት ደረጃው ማረፊያ ላይ ቁሙና ክርናችሁን ዘርጉ። ንድፍ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ፣ ስቃችሁ የምታሰምሩትን መስመር ፍሩት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔን መከራው መከረኝ፤ ሒሳቡን የከፈለችው ግን ስም እንኳ ያላገኘች ልጅ ናት።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበበችው አስቴር ናት። እሷም ሠላሳ ሴንቲ ሜትሩን የሰማችው ከዚህ ወረቀት ነው። ፊት ለፊት ልነግራት አልቻልኩም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ውጭ ተቀመጥኩ። አሁን የምንኖረው ሴቻ፣ ምድር ቤት ነው። ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሌሎች ባለንብረቶችም ያንኑ ደረጃ ወደዱት ብለሃል» አለችኝ። «ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

«ሰው ገብቶባቸዋል?»

«ገብቶባቸዋል።»

ጫማዋን አጠለቀች። «ተነስ» አለች።

የመጀመሪያው ሕንፃ ጥበቃ አላስገባንም። ሁለተኛው ሕንፃ ገባን። ደረጃውን ወጥተን ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ስንደርስ አንዲት ወጣት ሴት የውሃ ጀሪካን ይዛ ከኋላችን ወደ ላይ ትወጣለች። ለመተላለፍ ቦታ ስላልነበረ ግድግዳው ላይ ተለጠፍን፤ ስታልፍ ሆዷ የአስቴርን ክንድ ነካው።

«ስንተኛ ወርሽ ነው እህቴ?» አለቻት አስቴር።

«ሰባተኛዬ» አለች ልጅቷ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ምነው?»

አስቴር ጀሪካኑን ከእጇ ተቀበለቻት። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ያን ጊዜም ዞር ብላ አየችኝና «ንገራት» ብቻ አለችኝ።

«ማርቆስ እባላለሁ» አልኳት። «ይህን ደረጃ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»